የእማማ ዋጋነሽ ጉልበት

ቱሪን፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሚስት ለአልማዜ፣

እንዴት ከርመሻል? ወንድሜ ነገሬስ የሹፍርናው መንገድ እንዴት ይዞታል? እኔ ለቀራንዮ መድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና ብርዱ ከሚያንቀጠቅጠኝ በቀር ደህና ነኝ። እናንተንም እሱ ከክፉ ይሰውራችሁ።

ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ባለፈው በስልክ ስንጨቃጨቅ እማዬ አጠገብሽ ተኝታ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀምስም ብላ ዋለች አሉ። ቤታችሁ ደግሞ ስልክ ይዞ ገለል የሚባልበት ጓዳ የለውም። ስለዚህ በስልክ ሰላምታ ብቻ እንለዋወጥ፣ ስለ እሷ ያለንን በወረቀት እንጨርስ። ወደ አገር የሚገባ ሰው እዚህ አይጠፋም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

ነገሬ ከጅቡቲ ሲመለስ ያነሳትን ፎቶ ላከልኝ። እማዬ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ቀኝ ጉልበቷ ትራስ ላይ ተደግፎ እንደ ጎጆ ጣራ ሾሏል። ጀሶው ከወጣ ወር ሊሞላው ነው። ወር ሙሉ እንደዚህ ታጥፋ ነው የተኛችው? የቤቴል ሆስፒታሉ ሐኪም ያለውን እኮ አንቺው ነሽ በጆሮሽ ሰምተሽ የነገርሽኝ። በነሐሴ የተሰበረው የእግሯ አጥንት ገጥሟል፣ ጉልበቷ ግን እስከ ፋሲካ ካልተዘረጋ ጅማቱ እንደታጠፈ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ወይ ቢላዋ ነው ወይ ዕድሜ ልክ ክራንች፣ አላልሽኝም? ታዲያ ምን እየጠበቃችሁ ነው?

የምሠራውን ታውቂያለሽ። የሰማንያ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነው የምጠብቀው። ዳሌው ተሰብሮ ነበር። ጠዋትና ማታ፣ እሑድ የለ በዓል የለ፣ እግሩን አፍታታለታለሁ። ሲጀምር ይሰድበኝ ነበር፣ አንድ ቀንማ ማንኪያ ወርውሮብኛል። ዛሬ በረንዳ ላይ ቆሜ ሲጋራ ካላጨስኩ ብሎ ይጣላኛል። የባዳ አባት በእጄ ተነስቶ ሲሄድ የገዛ እናቴ ቀራንዮ ላይ ታጥፋ ትቅር?

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ያንን ትራስ አውጪ። ጉልበቷን በሙቅ ውኃ በተነከረ ፎጣ አሥር ደቂቃ አሙቂው። ከዚያ ሌላ ፎጣ ጠቅልለሽ ከተረከዟ ሥር አድርጊ፤ ከጉልበቷ ሥር አይደለም፣ ከተረከዟ። ጉልበቷ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይውረድ፣ እሷም ጭኗን ጠበቅ አድርጋ ወደ ፍራሹ ትጫነው። ሠላሳ ቁጠሪ፣ አሳርፊያት፣ ሦስት ጊዜ ድገሚላት። ጠዋትም ማታም። በኃይል መጎተት፣ ላይዋ ላይ ተቀምጦ መጫን የለም። የሚስብ ሕመም ደህና ነው፤ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ታቆሚያለሽ። ሁሉም ተደምሮ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሃያ ደቂቃ አጣሁ እንዳትዪኝ።

እማዬን ሳሚልኝ።

ሌሊሴ


ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሌሊሴ፣

በጌታ ሰላም ሰላም ብዬሻለሁ። ነገሬ መኪናውን ይዞ እንደወጣ ነው፤ እማማ ዋጋነሽ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ እኔም አለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የዘገየሁት እስክሪብቶ አጥቼ ሳይሆን ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ነው። አልበረደም።

ትራሱን አውጪ አልሽኝ። ትራሱን ማን ላከው? በመስቀል ሰሞን በሰው ሻንጣ አስጠቅጥቀሽ የላክሽው ሰማያዊው ለስላሳ ትራስ አይደለም ወይ? በመርፌ ቁልፍ ያያዝሽበት ወረቀት እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ። «ከጉልበቷ ሥር አድርጉላት፣ እንዳያማት» ይላል፣ በገዛ እጅ ጽሕፈትሽ። እኔ ሞኟ ደግሞ የፈረንጅ አገር ዕውቀት ነው ብዬ ትራሱ ዝቅ ባለ ቁጥር እያፍታታሁ፣ ልብሱን በሳምንት ሁለቴ እያጠብኩ አድርጌላቸዋለሁ። አሁን እንደ ጎጆ ጣራ ሾለ ብለሽ ትቆጪኛለሽ።

ሃያ ደቂቃም አጣሁ አላልኩም። ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት ትራሱን አውጥቼ፣ ፎጣ አሙቄ፣ ተረከዛቸውን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ሦስት ቀን እንደምንም ሄደ። በአራተኛው ቀን ገና ሃያ ስደርስ እማማ «ገደልሽኝ!» ብለው ጮኹ። ያን ሰዓት ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ጎረቤታችን እትዬ ማኑሄ፣ ሦስት የእድር ሴቶች አስከትለው፣ ሊጠይቋቸው። እኔ የእማማን እግር በሁለት እጄ ይዣለሁ፣ እሳቸው ያለቅሳሉ።

«ምን እያደረግሻት ነው?» አሉኝ በር ላይ ቆመው።

«ሐኪም ያዘዘው ነው፣ እትዬ።»

«ሐኪም ነው አሮጊት አስለቅሺ ያለሽ? እኛ አገር የታመመ ሰው ይሸፈናል እንጂ እንደ ስፖርተኛ እግሩ ይሰቀላል?»

እማማን ቀና ብዬ አየሁ፣ አንድ ቃል ይናገሩልኛል ብዬ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። በነጋታው ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ስደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዘንድሮው ጉድ እኔ ነኝ፣ የአማቷን እግር የምትጠመዝዘው የነገሬ ሚስት። አንቺ ቱሪን ውስጥ ሽማግሌውን ስታስጮሂ ማንም በር ከፍቶ አይገባብሽም። እዚህ በር አይንኳኳም፣ ይገፋል።

እማማም «ተይኝ፣ እኔ ለስቅለት አንዴ መስገድ ብችል ይበቃኛል፣ እስከዚያ እግዜር ያውቃል» ይላሉ። ስለዚህ ትቼዋለሁ። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ቀላል ነው። ከቻልሽ መጥተሽ አንቺ አስጩኺያቸው።

አልማዜ


ቱሪን፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአልማዜ፣

በዓለ ጥምቀቱን እንዴት ዋላችሁ? ለሁላችሁም ጤና እመኛለሁ፣ በተለይ ለእማዬ።

ትራሱን የላክሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እግሯ ጀሶ ውስጥ ነበር። ጀሶው ሲወጣ ትራሱም አብሮ መውጣት ነበረበት፤ ይህን አልነገርኩሽም። ከጉልበት ሥር የሚደረግ ትራስ ሲተኙበት ይመቻል፣ ጉልበቱን ግን የሚያስረው እሱ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ጥፋቴን ካመንኩ ደግሞ አሁን ያንቺን ልናገር።

እትዬ ማኑሄ በር ላይ ቆመው አንድ ነገር ስለተናገሩ የእናቴ እግር ደርቆ ይቅር ማለት ነው? የጀመርሽው ትክክል ነበር። አራት ቀን አድርገሽው ካቆምሽ ግን ባትጀምሪው ይሻል ነበር፣ ምክንያቱም አሁን እማዬ «ሞከርነው፣ አልሆነም» ትላለች። ሽማግሌዬ መጀመሪያ ለውጥ ያየው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ምንም የለም! ሕመሙና ስድቡ ብቻ። ከዚያ አንድ ጠዋት ካልሲውን ጎንበስ ብሎ ራሱ አጠለቀ። የደረቀ ቆዳ እንኳ ውኃ እየነኩ በየቀኑ ሲያሹት ይለሰልሳል፣ አንድ ቀን በኃይል ሲጎትቱት ግን ይቀደዳል። ጅማትም እንደዚያ ነው። ደሙ ይዘዋወራል፣ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ሰውየው ሌሊት ይተኛል፤ ግን በየቀኑ ከሆነ ብቻ። ይህን እኔ ከመጽሐፍ አላነበብኩትም፣ በእጄ ነው ያየሁት።

በሩን ቆልፊው። እድርተኞቹ ከመጡ «ተኝታለች» በይ። ከዋሸሽ እኔ ኃጢአቱን ተሸክሜልሻለሁ። ለእማዬም ንገሪያት፦ ሰው ታሞ ዝም ብሎ የሚተኛው ለመዳን አይደለም፣ ጠያቂ ደስ እንዲለው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሳትቆጪ መልሽልኝ። የወለደችሽ እናት ብትሆን ኖሮ ለጎረቤት አፍ ብለሽ ትተያት ነበር?

ጉልበቷን ከጎን አንስተሽ ፎቶ ላኪልኝ።

ሌሊሴ


ቀራንዮ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ሌሊሴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ደብዳቤዎ በክብር ደርሶኛል።

እናትዎ ደህና ናቸው። ትራሱ ወጥቷል። ጉልበታቸውም እየተዘረጋ ነው። ፎቶ አንሺ የለኝም።

ስለ ወለደችኝ እናት የጠየቁኝን አንብቤዋለሁ። መልስ አለኝ፤ ዛሬ ግን ብዙ ለመጻፍ አይመቸኝም።

በጌታ ደህና ይሁኑ።

አልማዜ


ቱሪን፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአልማዜ፣

አንቱታሽ ደርሶኛል። ወንድሜን ያገባሽ ሴት አንቱ ስትዪኝ ምን ማለትሽ እንደሆነ የማይገባኝ እንዳይመስልሽ። አንቺን አንቱ አልልሽም፤ ስድብ በአክብሮት ጠቅልሎ መላክ አላውቅበትም።

«እየተዘረጋ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? በምን ያህል? በመኝታዋ ስትዘረጋው ከጉልበቷና ከፍራሹ መሃል ስንት ጣት ይገባል? አራት? ሦስት? ይህን ለመቁጠር ፎቶ አንሺ አያስፈልግም፣ ጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በስልክ እማዬን «ጉልበትሽስ?» ስላት «ተመስገን» ትለኛለች። እሷ ቤቱ ቢቃጠልም ተመስገን ነው የምትለው።

የእትዬ ማኑሄ ልጅ ሳያት በፌስቡክ ጻፈችልኝ። እኔ አልጠየቅኋትም፣ ራሷ ናት የጻፈችው። የናንተ በር ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀን አልተከፈተም አለች። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው፤ አንቺ ዳቦ ቤትም ጸሎት ቤትም አልታየሽም፤ እማዬም ድሮ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ወንበር ወጥቶላት ፀሐይ ትሞቅ ነበር፣ አሁን ቀርቷል። እኔ በሩን ቆልፊ ያልኩሽ እግሯን እንድታፍታቺላት ነው እንጂ አፍነሽ እንድታስቀምጫት አልነበረም።

ፋሲካ አንድ ወር ብቻ ቀርቶታል። አንቺ ተናደሽብኝ ነው፣ ይገባኛል፤ ግን በእኔ ላይ ያለሽን ንዴት በእናቴ ጅማት ላይ አትወጪው። ካቃተሽ አቃተኝ በይ። አስኮ ያለው የአክስቴ ልጅ ጉዲሳ ግቢው ሰፊ ነው፣ ሚስቱም ሰው ናት። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጠሽኝ ለፋሲካ ማግስት ጉዲሳ መኪና ይዞ መጥቶ እማዬን እንዲወስዳት እነግረዋለሁ። ነገሬም ቢቆጣ ይቆጣ።

ሌሊሴ


ቀራንዮ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሌሊሴ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አንቱታውን ትቼዋለሁ፣ የምነግርሽ ነገር በአንቱታ አይነገርም።

የጉዲሳ ሚስት ሰው ናት አልሽኝ። እኔ ምን ነኝ?

በየካቲት መጀመሪያ እማማን ገላቸውን አጥቤ ከባኞው ሳነሳቸው ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከነሐሴ ወር ጀምሮ በቀን ስንቴ እንደማነሳቸው ቆጥረሽ ታውቂያለሽ? ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሽንት ቤት፣ ሽንት ቤታችን ደግሞ ግቢው ጫፍ ነው። ነገሬ በወር ስድስት ቀን ነው ቤት የሚያድረው። እማማን እንደምንም ፍራሻቸው ላይ ጣልኳቸውና እኔ ሲሚንቶው ላይ ቀረሁ። መነሳት አቃተኝ። ያን አጭር ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በደረቴ ተኝቼ ነው። መቀመጥ አልችልም ነበር። ጫማዬን ማሰር አልችልም ነበር። በሩ ያልተከፈተው እትዬ ማኑሄ ገብተው ሁለት ሬሳ እንዳያገኙ ብዬ ነው። ሳያት ይህን አልጻፈችልሽም፣ አላወቀችማ።

ለምን አልነገርሽኝም ትዪኝ ይሆናል። ደብዳቤዎችሽ ሁሉም እዚህ አሉ፣ ደግሜ አንብቤያቸዋለሁ። ጉልበት፣ ተረከዝ፣ ጭን፣ ጅማት፣ የሽማግሌሽ ካልሲ ሳይቀር ተጽፏል። የእኔ ወገብ የትም የለም። ነገሬ እንኳ ሲደውል «እማዬስ?» ነው የሚለኝ። እሳቸውን የሚያነሳውን ሰው ማን እንደሚያነሳው ማንም አልጠየቀም።

የወለደችኝ እናት ብትሆን ብለሻል። የወለደችኝ እናት በሕይወት አለች። ቦንጋ ናት። ዓይኗ እየደከመ ነው አሉ፤ እኔ ካየኋት አራት ዓመት ሆነኝ። በነሐሴ ልሄድ ልብሴን አጥፌ ነበር። እማማ አየር ጤና ላይ ከታክሲ ሲወርዱ የወደቁት በዚያው ሳምንት ነው። ልብሱን መልሼ ሰቀልኩ፣ አንድም ቃል አልተናገርኩም። አሁን ልናገረው፦ ያንቺን እናት ደግፌ ነው የኔን ያላየሁት። ያንን መስመር ከመጻፍሽ በፊት ለምን አንዴ አልጠየቅሽኝም?

አሁን የጉልበታቸውን ወሬ ልንገርሽ፣ የምትፈልጊው እሱን ነውና።

ሲሚንቶው ላይ በወደቅሁ በሁለተኛው ቀን እማማ ከፍራሻቸው ሆነው «ተነሺ» አሉኝ።

«አልችልም፣ እማማ።»

«ታዲያ ሁለታችንም እዚህ ተጋድመን ማኑሄ ትቅበረን?»

ተናደዱ። እኔ ቤት ስድስት ወር ሲተኙ እንደዚያ ተናደው አይቻቸው አላውቅም። ነጠላቸውን አወለቁ፣ እጥፍ አድርገው የቀኝ እግራቸው መዳፍ ላይ አጠለቁትና ሁለቱን ጫፍ ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡ። ጥርሳቸውን ነክሰው። ያንቺን ሠላሳ አይቆጥሩም፤ አርባ አንድ እግዚኦታ ነው የሚሉት። አርባ አንዱ እስኪያልቅ አይለቁም። ሲጨርሱ ላብ በላብ ሆነው «አሁን አንቺ» አሉኝ።

በሳምንቱ ነገሬ ሲመጣ ሁለታችንንም ገና ሳይነጋ በባጃጅ ቤቴል ወሰደን። እዚያ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ልጅ ወገቤን ዳሰሰችና ተቆጣችኝ፣ አሁንስ የሚቆጣኝ አልበዛም? ዝም ብሎ መተኛት ይብስብሻል አለችኝ። በጀርባ ተኝቶ ሁለት ጉልበት ወደ ደረት ማምጣትና ማቆየት፤ ከዚያ በእጅና በጉልበት ሆኖ ወገብን እንደ ድመት ማጉበጥና መልሶ ማቅናት። ቀስ ብሎ፣ እየተነፈሱ፣ ጠዋትና ማታ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ሰሌን ላይ ነን። እሳቸው እግዚኦ ይላሉ፣ እኔ መዝሙሬን አዜማለሁ፣ አንዳንዴ እንደባለቃለን። በሦስተኛው ሳምንት ጫማዬን አሰርኩ። በአራተኛው ሌሊቱን ሳልነቃ አነጋሁ፣ ማስታገሻ ክኒኑንም ተውኩ። ያልሽው ሁሉ እውነት ነበር፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

እማማም ከአምስት ጣት ወደ ሁለት ጣት ወርደው ነበር። ከዚያ ስቅለት መጣ። የዚህ ሰፈር ሰው ዓመቱን ሙሉ ወገቡን ሳያጥፍ ከርሞ በአንድ ቀን ሁለት መቶ ሦስት መቶ ይሰግድና ሳምንቱን «ወይኔ ጭኔ» እያለ ይሰነብታል። እማማን ቀራንዮ መድኃኔዓለም ድረስ ሸኘኋቸው። «ቆመሽ እጅ ንሺ፣ ይበቃል» ብለዋቸዋል ቄሱም። እኔ ከደጅ ስጠብቅ እሳቸው ውስጥ ሆነው፣ ጉልበቴ ተዘረጋልኝ ብለው፣ ስልሳ ሰገዱ። ስልሳ! የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ጣሉ። ማታውን ጉልበታቸው እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ መልሶ አራት ጣት ሆነ። የፋሲካን ዶሮ አልጋ ላይ ሆነው ነው የቀመሱት። እንዴት እንደጮህኩባቸው ብትሰሚ። እሳቸውም ጮኹብኝ። በመጨረሻ ሁለታችንም አለቀስን፣ በነጋታው በበረዶ ጀመርን፣ እብጠቱ ሲወርድ ወደ ሰሌኑ ተመለስን።

ትናንት ሐኪሙ አያቸው። ሁለት ጣት ተኩል። ቢላዋ አያስፈልግም፣ በየቀኑ ከቀጠሉ ይዘረጋል፣ ካቆሙ ግን እንደገና ይደርቃል አለ። በከዘራ ግቢውን ይዞራሉ። እትዬ ማኑሄም ትከሻቸው ሌሊት እየጠዘጠዛቸው ስለሆነ ማለዳ ማለዳ እየመጡ ሰሌኑ ላይ ከእኛ ጋር ክንዳቸውን ያነሳሉ። በሩን ዘግቼ ነው፣ እሳቸው ናቸው ዝጊ የሚሉኝ።

ስለዚህ ጉዲሳን ላኪው። መኪናውን ይዞ ይምጣ። እማማ «ከዚህ ቤት ማን ነው የሚያወጣኝ?» ብለው በዚያው ከዘራ እየጠበቁት ነው።

አልማዜ


ቱሪን፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአልማዜ፣

ወገብሽ እንዴት ነው? ዛሬ ጠዋት ስትነሺ እንዴት ነበር? ጎንበስ ስትዪ ወደ እግርሽ የሚወርድ መደንዘዝ አለ? ካለ ለቤቴሏ ልጅ ዛሬውኑ ንገሪያት።

ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ ከፍቼው ፌርማታዬን አለፍኩ። ሽማግሌው ዘገየሽ ብሎ ጮኸብኝ፣ እኔም በአማርኛ ጮህኩበት። እሱን እያነሳሁ የኔም ወገብ ስንት ጊዜ እንዳስለቀሰኝ እያወቅሁ፣ እሱን ለማንሳት እንኳ ሁለት ሰው እንዲሆን ሕግ እንዳለ እያወቅሁ፣ አንቺ ብቻሽን እንደምታነሻት አንድ ቀን አላሰብኩም። አንቺን እንደ ቤቱ ግድግዳ ነው ያየሁሽ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የኔ ግን አፍ አይደለም ያመለጠው፣ ጽፌ፣ አንብቤ፣ አሽጌ ነው የላክሁት። ስለ እናትሽ የጻፍኩትን ቅደጂው። ይቅር በዪኝ ማለት ይከብደኛል፣ አንቺም ዛሬ ይቅር እንድትዪኝ አልጠብቅም።

አንቺንም ግን አልለቅሽም። ለምን ደበቅሽኝ? «ወገቤ ተሰብሯል» ብለሽ አንድ መስመር ብትጽፊ እጅሽ ይቆረጥ ነበር? «ብዙ ለመጻፍ አይመቸኝም» ብለሽ አንቱ ከምትዪኝ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። እማዬም፣ ነገሬም፣ አንቺም አንድ ቤት ሆናችሁ በስልክ ተመስገን ተመስገን ስትሉኝ እኔ በምን ልወቅ?

ለጉዲሳ ምንም አልነገርኩትም። አይመጣም።

ከአሠሪዎቼ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ነሐሴን ሙሉ ፈቃድ ሰጥተውኛል፣ ቲኬትም ይዣለሁ። ነሐሴ አንድ ቀን ገብቼ ሰላሳ ቀን እማዬን የማነሳው እኔ ነኝ። የማጥባትም፣ ሰሌኑ ላይ እግዚኦ የምቆጥርላትም እኔ ነኝ። በደረስኩ ማግስት አንቺ ቦንጋ ትሄጃለሽ። እቤት ሆነሽ ልታሳዪኝ፣ ልታግዢኝ አትሞክሪ። አላስገባሽም።

ሌሊሴ


ቀራንዮ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሌሊሴ፣

ጌታ በሰላም ያምጣሽ። ወገቤ ደህና ነው፣ ጠዋት ላይ ብቻ ያዝ ያደርገኛል፣ ከሰሌኑ ስነሳ ይለቀኛል። መደንዘዝ የለውም።

ደብዳቤሽን ለእማማ አነበብኩላቸው፣ ስድቡንም ሳልዘል። ትመጣለች ስላቸው ከዘራቸውን አንስተው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። ከዚያ «ታዲያ አንቺ እናትሽን ሳትስሚ ስንት ዓመት ሆነሽ?» አሉኝ። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ይህን ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው።

አሁንም እንደተናደድኩብሽ ነኝ። ያቺን መስመር አልቀደድኳትም። ልብሴን ግን ዛሬ ከመስቀያው አውርጄ አጥፌዋለሁ።

ወር ያልሽው አይበቃኝም። ሁለት ወር አድርጊው።

አልማዜ